ሳህን ያጥባል ያልሽኝ ሰው

ፊቲያ፣ ስቶክሆልም፣ ማርች 9 ቀን 1996

ውድ ብርቄ፣

ለጤናሽ፣ ለጉልበትሽ፣ ለተማሪዎችሽ ሁሉ እንደምን ከርመሻል? ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ወር አለፈው፤ ስላዘገየሁት ይቅርታ አድርጊልኝ። መጀመሪያ ጉንፋን ጣለኝ፣ ከዚያ ሥራ በዛ። ሥራዬን ታውቂዋለሽ፤ ሄምቼንስት ይሉታል፣ ያረጁ ስዊድኖችን ቤት ለቤት እየዞርኩ አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ አበላለሁ። ዘንድሮ በረዶው አልቀልጥ ብሎ በአርባ ሦስት ዓመቴ እንደ ጥጃ እየተንሸራተትኩ ነው። ሁለት ጊዜ ወድቄያለሁ።

ስለ ልጅሽ የጠየቅሽኝን ልመልስ። አዜብ ደህና ናት። በስልክ ድምፅዋ የወፈረብሽ ያው ጉንፋኑ ለእሷም ደርሷት ነው። የቋንቋ ትምህርቷን ያቆመችው ለጊዜው ነው። ፎቶ ያልላከችልሽ ካሜራው ስለተበላሸ ነው። ይግዛውም ደህና ነው፤ አውቶቡሱን ይነዳል፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን አይቀርም፣ ለጥምቀት ባደረግነው ድግስ ላይም እጅጌውን ሰብስቦ ሳህን ሲያጥብ ዋለ።

ደግሞስ እኔ እያለሁ ምን ያስጨንቅሻል? በእኛ አቆጣጠር በጥር 1986 ይግዛው ልጅሽን ለማግባት ሽማግሌ ሲልክ፣ ከአቶ ካሳዬና ከአቶ ዓለሙ ጋር ሦስተኛዋ እኔ አልነበርኩም? ለዚሁ ብዬ ከስቶክሆልም ድረስ መጥቼ! አጎትሽ «ዛሬ ደግሞ ቀሚስ የለበሰ ሽማግሌ ተላከብን» ሲሉ፣ አንቺ በሟቹ ባልሽ ቦታ ቁጭ ብለሽ «የልጅቷ አባትም እኔ ነኝ፤ ሴት ለሴት እንነጋገራለን» አልሽ። ያን ቀን ቁመቴ የጨመረ መስሎኝ ነበር። «ልጁ ምን ጠባይ አለው?» ስትሉ ስለ ዘሩ አላወራሁም። «ሳህን ያጥባል፣ ያበስላል፣ ሴት አያዝም» ብዬ መሰከርኩ። ወንዶቹ ሳቁብኝ። አንቺ አልሳቅሽም።

አሁን አንድ ነገር ልለምንሽ። እስከ ጥቅምት ድረስ ምንም አታድርጊ። ለይግዛው አትጻፊ፣ ለቤተሰቦቹም ሰው አትላኪ። ለምን አትበይኝ፤ በጥቅምት ሁሉንም እነግርሻለሁ። እስከዚያ የሆድሽን በሆድሽ ያዢው።

ያንቺው ሸዋሉል


አዲስ አበባ፣ መጋቢት 27 ቀን 1988 ዓ.ም.

ሸዋሉል፣

እንደምን አለሽ አልልሽም። ጤናሽም ሆነ ጉንፋንሽ ዛሬ አያሳስበኝም።

ካሜራው ተበላሸ አልሽኝ። የጎረቤቴ ልጅ ሃይማኖት፣ ያቺ ስቶክሆልም፣ ሁስቢ ሰፈር ከአዜብ ጋር አንድ ሕንጻ ላይ የምትኖረው፣ ባለፈው ሳምንት ለእናቷ ተዝካር መጣች። ሦስት ቀን ስትሸሸኝ ከርማ አራተኛው ቀን ላይ ያዝኳት። የልጄ የላይኛው ከንፈር ተሰፍቷል። ከፊት ጥርሶቿ አንዱ የለም። ድምፅዋ የወፈረብኝ ለዚህ ነው፤ ጉንፋን አይደለም።

ባል ሚስቱን መታ ሲባል ስሰማ ይህ የመጀመሪያዬ አይደለም። ግቢያችን ውስጥ ራሱ ስንቷን ከዱላ አስጥያለሁ። ቆሽቴን ያሳረረው ሌላ ነው። ሃይማኖት «ለሽማግሌዋ አልነገርሽም?» ብላ ስትጠይቃት፣ አዜብ ምን እንዳለቻት ታውቂያለሽ? «ነግሬያቸው ነበር። ቻይው አሉኝ።»

ቻይው!

ይህን ቃል እናቴ ብትለኝ ይገባኛል፤ እሷንም እናቷ ብላታለች። አንቺ ግን እንዴት አፍሽ ደፈረ? በ1966 ጸጉርሽን ተቆርጠሽ፣ በርጩማ ላይ ቆመሽ ስለ ሴቶች ጥያቄ ስትናገሪ ሥርሽ ቆሜ ነበር፣ አዜብን አዝዬ። ወንዶቹ ጓዶች «የመሬት ጥያቄ ሲመለስ የሴቶችም አብሮ ይመለሳል» ሲሉን፣ «እስከዚያ ሻዩን ማን ያፈላል?» ብለሽ አፋቸውን ያስያዝሽው አንቺ ነሽ። ያን ዕለት ነው የወደድኩሽ። ባሌ ሞቶ፣ እኔ እስር ቤት ገብቼ፣ አንቺም ሱዳንን አቋርጠሽ ከሄድሽ በኋላ እንኳ ስለ አንቺ ሲጠይቁኝ «የማትፈራው ጓደኛዬ» ነበር የምልሽ።

ሳህን ያጥባል አልሽኝ። እኔ ሞኟ ልጄን በሳህን ሰጠሁት! «ከማን ወገን ነው?» የሚሉት ሽማግሌዎች ካንቺ ይሻሉ ነበር፤ እነሱ ቢያንስ ምን እንደሚጠይቁ ያውቃሉ።

ስዊድን አገር ሴት ከተነካች ፖሊስ በር ላይ ነው ብለሽ የጻፍሽልኝ ደብዳቤ አሁንም እጄ ላይ አለ። የታለ ፖሊሱ? የታለሽ አንቺ? እስከ ጥቅምት ዝም በዪ የምትይኝስ ለማን ብለሽ ነው? ይግዛው ሳህን ሲያጥብልሽ እንዳይቀር?

እኔ እጄን አጣጥፌ አልቀመጥም። ይህን እወቂ።

ብርቅአየሁ


ፊቲያ፣ አፕሪል 28 ቀን 1996

ብርቅአየሁ፣

ደብዳቤሽን ቱነልባና፣ የምድር ሥር ባቡሩ ውስጥ ሆኜ አነበብኩት። መውረጃዬ አልፎኝ ሦስት ጣቢያ ሄድኩ። አንዲት ስዊድናዊት መሐረብ ሰጠችኝ፤ አዝኜ ያለቀስኩ መስሏት ነው። ያለቀስኩት በንዴት ነው።

አዎ፣ ቻይው ብያታለሁ። ይኸው በጄ ጻፍኩልሽ። አሁን ደግሞ አንቺ ስሚኝ።

በዚህ አገር በጋብቻ የመጣ ሰው የመኖሪያ ፈቃዱ የራሱ የሚሆነው ከትዳር ጓደኛው ጋር ሁለት ዓመት ከኖረ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ትዳሩ ከፈረሰ፣ ወደ መጣሽበት ተመለሺ ነው። አዜብ የመጣችው በ1987 ጥቅምት ነው። ይግዛው ይህን ሕግ ከአባታችን ሆይ ይበልጥ ያውቀዋል። «በሩ ያው፤ ከወጣሽ ግን ቦሌ ነው የምታርፊው» ይላታል። ጥቅምት ያልኩሽ ለዚህ ነው። የቀሯት ስድስት ወር አይሞሉም።

እዚህ ዬምስቴልድሄት የሚሉት ነገር አለ፤ የወንድና የሴት እኩልነት ማለት ነው። ከሚኒስትሮቻቸው ግማሾቹ ሴቶች ናቸው። የማጥባቸው አሮጊቶች ሳይቀሩ «እኛ ነን የታገልንለት» ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው፣ አከብራቸዋለሁ። ግን እኩልነታቸው የሚሠራው ፈቃዱ እጁ ላይ ላለ ሰው ነው። የሶሻሏ፣ የማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮዋ ሴትዮ አዜብን «ውጪ፣ ነጻ ነሽ» ትላታለች። ነጻ ከወጣች በኋላ የት እንደምትወድቅ ግን አትነግራትም፤ እሱ የሌላ መሥሪያ ቤት ጉዳይ ነው! እኔም ሴትዮዋ ላይ ጮህኩባት። አንቺ ላይ የምጮኸውን ያህል ግን አይደለም።

አዜብን «አገርሽ መመለስ ትፈልጊያለሽ?» ብዬ ጠይቄያታለሁ። «ጥርሴን እዚህ ጥዬ ባዶ እጄን? አልመለስም» አለችኝ። የምትፈልገው እዚህ ቀርታ ነርስነት መማር ነው። እናትሽ ያሉሽ ቻይው ዕድሜ ልክ ነበር። የኔ ቻይው እስከ ጥቅምት ነው። ልዩነቱ የማይገባሽ ከሆነ፣ እኔን በርጩማ ላይ ያየሽኝ ጊዜም አልገባሽም ነበር ማለት ነው። ያኔም ቢሆን መቼ መናገር፣ መቼ ዝም ማለት እንዳለብን የተማርነው እስር ቤት የገቡትን እያየን ነው። አንቺም አንዷ ነሽ።

ያልጻፍኩልሽ ስለማውቅሽ ነው። ከሰማሽ እሳት ለብሰሽ እሳት ጎርሰሽ እንደምትነሺ አውቄ ነው። አሁንም እግርሽ ላይ ወድቄ እለምንሻለሁ፤ ምንም እንዳታደርጊ። እርግማንሽን ግን ላኪልኝ፣ እችለዋለሁ።

ሸዋሉል


አዲስ አበባ፣ ሚያዝያ 24 ቀን 1988 ዓ.ም.

ሸዋሉል፣

መልስሽን አልጠበቅኩም። ለምን እጠብቃለሁ? ሌላ ካሜራ እስኪበላሽ?

እንደምታውቂው በእኛ ሕግ ትዳር የሚያፈርሰው መጀመሪያ የቤተ ዘመድ ሽማግሌ ነው። የጋብቻ ውሉን ከፈረማችሁት ከሦስታችሁ አንቺ የለሽም፤ አቶ ዓለሙ የአልጋ ቁራኛ ሆነዋል። አቶ ካሳዬን ግን ቤታቸው ድረስ ሄጄ «ልጄን የወሰዳችሁት እናንተ ናችሁ፣ መልሱልኝ» ብዬ አወጣኋቸው። በእናንተ ቦታ ሌሎች ሁለት ሰዎች መረጥን። ደግሞም ያንን የተለመደውን ጀመሩ፤ «ባልና ሚስት ካንድ ባሕር ይቀዳል፣ ይታረቁ» አሉኝ። አጎቴማ «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» ብለው ሊያስቀምጡኝ ነበር። «ዛሬ ግን በሴት ያልቃል» አልኳቸውና በሩን ቆልፌ ቁልፉን ኪሴ ከተትኩት። ምሳ ሰዓት አልፎ አልወጡም። አሥር ሰዓት ላይ ፈረሙ።

አዜብ ስትሄድ ለአባቷ ቤት ጉዳይ የሰጠችኝ ውክልና ነበር፤ በእሱ ፈረምኩላት። የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ተማሪዬ ስለነበረች በሳምንቱ አጸደቁልኝ። ከዚያ በእንግሊዝኛ አስተርጉሜ፣ ማኅተም አስመትቼ፣ ስቶክሆልም ላለው የስደተኞች መሥሪያ ቤት በአደራ ደብዳቤ ላክኩት። ልጄ ከእንግዲህ የማንም ሚስት እንዳልሆነች መንግሥታቸው ይወቀው!

አየሽ? አንቺ በሠለጠነው አገር ተቀምጠሽ ቻይው ስትያት፣ እኔ በዚች በተናቀችው አገራችን፣ በዚያው በተናቀው በሽማግሌ ሕግ ነጻ አወጣኋት። ለአዜብ ንገሪያት። እናትሽ ከነበርሽበት አውጥታሻለች በያት።

ብርቅአየሁ


ፊቲያ፣ ጁን 16 ቀን 1996

ምን አደረግሽ? ምን አደረግሽ፣ ብርቅአየሁ!

የሁለታችን ደብዳቤ መንገድ ላይ ተላልፏል። አሁን የኔ ደርሶሽ፣ ሁለት ዓመት ያልኩትን አንብበሽ፣ ጭንቅላትሽን ይዘሽ እንደሆነ አላውቅም። ይዘሽ ከሆነም አላዝንልሽም። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል።

ወረቀትሽ ደርሷል፤ ማኅተሙም ግሩም ነው። መሥሪያ ቤቱም ለአዜብ ጻፈላት። ትዳርሽ ፈርሷልና ፈቃድ ያገኘሽበት ምክንያት ቀርቷል፤ የምትዪው ካለ በሦስት ሳምንት ውስጥ አሳውቂ ይላል። ደብዳቤውን ከበሩ ሥር ያነሣው ይግዛው ነው። ከዚያ በኋላ የሆነውን አልጽፍልሽም። ጎረቤት ፖሊስ መጥራቱን፣ አዜብ በሕይወት መኖሯንና ዐይኗም እንደተረፈ ብቻ ልንገርሽ። እሱን ወስደውታል።

የት ናት እንዳትዪኝ። የሴቶች መሸሸጊያ ቤት ገብታለች፤ አድራሻው ምስጢር ነው፣ ለኔም አልነገሩኝም። ለማንም እንዳትደውል ብለዋታል። ለእናቴስ ብትላቸው፣ አንድ አበሻ ካወቀ ሁሉም ያውቃል አሏት መሰለኝ። አንቺ እዚያ ስትብሰለሰዪ ይታየኛል። ስለ ደህንነቷ ነው ይሉኛል፤ እናት የሌላት ሴት ነጻ ናት ብለው የሚያስቡ ይመስለኛል አንዳንዴ።

ጠበቃ አግኝታለች፤ ይህን ሁሉ የምሰማው ከጠበቃዋ ነው። ጠበቃዋ እንደምትለው፣ ድብደባው ገና ትዳሩ ሳይፈርስ የጀመረ መሆኑን በማስረጃ ካሳየች ልትቀር ትችላለች። ማስረጃ ግን የላትም። ለምን የላትም? ፖሊስ አትጥሪ ያልኳት እኔ ነኝ። ሐኪም ቤት «በረዶ ላይ ወደቅኩ» በያቸው ያልኳትም እኔ ነኝ፤ እንደዚያ ብላ አስመዝግባለች። እስከ ጥቅምት ብዬ ነበር።

ማስረጃ ያላት አንዲት ሴት አለች።

ይግዛው ከአዜብ በፊት ስዊድናዊት ሚስት ነበረችው። ታውቂያለሽ፤ «አልተግባቡም» ብዬሻለሁ። ማርጋሬታ ትባላለች፣ ስፖንጋ ነው ቤቷ። የዛሬ ስድስት ዓመት እጇን ሰብሯት ከሰሰችው። እሱ ወደ አበሾች ማኅበራችን መጥቶ አለቀሰብን። እኛም እንደ ደንባችን ሦስት ሆነን፣ አበባና ዳቦ ይዘን፣ ለሽምግልና ቤቷ ሄድን። እኔን የጨመሩኝ ሴት ትስማት ብለው ነው። እኔም ኮራሁ፤ ሽማግሌነቴን የጀመርኩት ያን ቀን ነው። እሷ ይቅርታ ልንጠይቃት፣ በፍርድ ቤት ልንመሰክርላት የመጣን መስሏት፣ በአንድ እጇ ቂጣ ጋግራ ጠበቀችን። አቅፋኝ አለቀሰች። እኔ ደግሞ በጥሩ ስዊድንኛ፣ በኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር በእርቅ እንደሚያልቅ፣ ሰውየውን ሰው ፊት ማዋረድ ነውር እንደሆነ አስረዳኋት። ሁለት ሰዓት አስረዳኋት። ክሷን አነሣች።

ለምን እንዳላመንኳት ታውቂያለሽ? የፈረንጅ ሴት ድምፅ ከፍ ካለ ድብደባ ትለዋለች ብዬ ነው። የነሱ ጥያቄ የጠገበ ሰው ጥያቄ ነው ብዬ ነው። እጇ በጄሶ ታስሮ ፊቴ ተቀምጣ!

ሳህን ያጥባል ብዬ ሳሎንሽ ስመሰክር ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። አሁን የፈለግሽውን በዪኝ።

ሸዋሉል


አዲስ አበባ፣ ሐምሌ 8 ቀን 1988 ዓ.ም.

ሸዋሉል፣

ሁለቱንም ደብዳቤሽን አንብቤያለሁ። የመጨረሻውን ሦስት ቀን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው ዞርኩ። የምለው ብዙ ነበር፣ አብዛኛውን ቀደድኩት።

ከወንዶች ጋር አንድ ወንበር ላይ ልቀመጥ አልሽ፤ ተቀመጥሽ። ከተቀመጥሽ በኋላ እነሱ የሚያደርጉትን አደረግሽ። ታዲያ ሴት መሆንሽ ማንን ጠቀመ? ወንዶቹማ ደስ ይላቸዋል፤ ድሮ በሦስት ሱሪ የሚሉትን አሁን በሁለት ሱሪና በአንድ ቀሚስ አሉት።

አንቺን ስሰድብ ውዬ ሲደክመኝ ራሴ ላይ እመጣለሁ። አባቴ በአሥራ አራት ዓመቴ ሊድረኝ ሲዋዋል በር ላይ ቆሜ ሰምቻለሁ። ስለሰማሁ ነው አምልጬ የተማርኩት። አዜብ በር ላይ እንኳ አልቆመችም። ለቤት ጉዳይ በሰጠችኝ ወረቀት፣ ሳልነግራት አፋታኋት። ነጻ አወጣኋት ብዬ ለመምህራኑ ሁሉ አወራሁ። ይህን ስጽፍልሽ ለይቅርታ አይደለም፤ እንደሱ እንዳይመስልሽ።

አሁን ወደ ሥራው። ሄደሽ ያቺን ስዊድናዊት ለምኛት። ድንጋይ ተሸክመሽ ሂጂ። አንቺም ደግሞ ዳኞቹ ፊት ቀርበሽ የዋሸሽውን ሁሉ ተናገሪ። በረዶውንም፣ ዳቦውንም። የማኅበራችሁ ሰው ምን ይለኛል ብትዪ፣ ጥርሷን ያየ ምን አላት? ልጄ ከተባረረች ቤቷ አለ፣ እኔም አለሁ። ግን በኔ ጥፋትና ባንቺ ውሸት ተባርራ እንድትመጣ አልፈልግም። መምጣት ካሻት በራሷ ፈቃድ ትምጣ።

እስኪያልቅ አትጻፊልኝ። ሰላምታሽንም አልፈልግም።

ብርቅአየሁ


ፊቲያ፣ ኖቬምበር 10 ቀን 1996

ብርቅአየሁ፣

አልቋል። አዜብ ፈቃዷን አገኘች። ሐሙስ ዕለት ነው የወጣላት። ተነሥተሽ እልል በዪና ተመልሰሽ ቁጭ ብለሽ የቀረውን አንብቢ።

ማርጋሬታ ጋ የሄድኩት ደብዳቤሽ በደረሰኝ ማግሥት ነው። ድንጋይ አልተሸከምኩም፤ እዚህ ድንጋይ ይዘሽ በር ብታንኳኪ የምትታሠሪው አንቺ ነሽ። በሩን ከፍታ አየችኝ። «ዛሬ ብቻሽን ነሽ?» አለችኝ። ግቢ አላለችኝም። የመጣሁበትን ደረጃው ላይ ቆሜ ነገርኳት። ይቅርታ ልጠይቃት ስጀምር እጇን አነሣች። «የልጅቷን ጠበቃ ስልክ ስጪኝ» አለችኝና ተቀብላኝ በሩን ዘጋችው። በሳምንቱ የድሮ የሐኪም ወረቀቷን ይዛ መሰከረች።

እኔም ቀረብኩ። ቃሌን የምትጽፈው ልጅ «ምኗ ነሽ?» አለችኝ። ዘመዷ አይደለሁም፣ አስተርጓሚም አይደለሁም። «ልጁ ጥሩ ነው ብዬ ከእናቷ ለምኜ ያመጣኋት፣ ስትጋጭም ታገሺ ያልኳት እኔ ነኝ» አልኳት። ብዕሯን አስቀመጠችና «ደላላ?» አለችኝ። ብርቄ፣ ያን ያህል ተዋርጄ አላውቅም። ተናድጄ ልነሣ ስል ግን ምን ብዬ እንደማስተባብል ጠፋኝ። መጨረሻ ላይ «የቤተሰብ ወዳጅ» ብላ ጻፈችኝ። በረዶውንም፣ ፖሊሱንም፣ ዳቦውንም ተናግሬ ፈረምኩ። ይግዛው ስምንት ወር ተፈርዶበታል። ቤተ ክርስቲያን አጠገቤ የሚቀመጥ የለም፤ «አበሻን ለፈረንጅ አሳልፋ የሰጠች» ተብያለሁ። ይበሉ።

አዜብ የት እንዳለች ልንገርሽ፣ አታምኚኝም። ስፖንጋ፣ ማርጋሬታ ቤት! ከመሸሸጊያው ስትወጣ ክፍል ያከራየቻት እሷ ናት። በኛ ቋንቋ ጣውንቷ አይደለች? አንድ ሰው ያገባቸው ሁለት ሴቶች፣ አንዷ ለሌላዋ ስዊድንኛ እያስጠናች፣ አንድ ወጥ ቤት ውስጥ ይኖራሉ። የማኅበራችን ሴቶች ሲሰሙ አማተቡ። እኔም ብሆን እንዲህ ያለውን ከአንቺ ጋር በ1966 ካነበብናቸው መጻሕፍት በአንዱም አላየሁትም፤ የማጥባቸው አሮጊቶችም አልነገሩኝም።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። አዜብ ልታየኝ አልፈለገችም። ሦስት ጊዜ ደውዬ አላነሣችም። እኔም ያው እኔ ነኝ፤ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ይቅርታ እንዲለምኑልኝ ላክኩባት። አዎ፣ ሽማግሌ ላክኩ! በሩ ላይ ተቀበለቻቸው። «እትዬ ሸዋሉልን ሰላም በሉልኝ። እንደመሰከሩልኝ አውቃለሁ፣ አመሰግናለሁ። ይቅርታን ግን እኔ ስፈልግ እሰጣለሁ፤ ካልፈለግኩም አልሰጥም። ከእንግዲህ ስለ እኔ ማንም እንዳይሸመግል» አለቻቸው። ሻይ እንኳ ሳትላቸው መለሰቻቸው።

ደሜ ፈላ። ለእሷ ብዬ ከአገሬ ሰው ሁሉ ተጣልቼ! በማግሥቱ ደግሞ አፈርኩ፣ ከዚያ እንደገና ተናደድኩ። እስካሁን እንደዚያው ነኝ። እኔ የማውቀው ሲጣሉ መታረቅን ነው፤ ሳይታረቁ እንዴት እንደሚኖር አላውቅበትም። እናቷ ነሽ። አንድ ቃል በያት።

ሸዋሉል


አዲስ አበባ፣ ኅዳር 23 ቀን 1989 ዓ.ም.

ሸዋሉል፣

ፈቃዱን ከአዜብ አፍ ነው የሰማሁት፤ ደብዳቤሽ ሲደርስ እልልታውን ጨርሼ ነበር። ስለመሰከርሽ ማመስገን ይገባኛል። ሌላ ቀን አመሰግንሻለሁ።

አላማልድሽም። ላንቺ ያለችውን ለኔም ብላኛለች። በስልክ ልቤ ሞልቶ «አሁን እንዲህ አድርጊ፣ ከዚያች ሴት ቤት ውጪ፣ ለሸዋሉልም ይቅርታ አድርጊላት፣ እሷም ተጎድታለች» ማለት ጀመርኩ። አስጨረሰችኝ። ከዚያ ቀስ ብላ «እማዬ፣ በየሳምንቱ እሑድ እደውልልሻለሁ። የምኖርበትን እኔ እመርጣለሁ። ለእትዬ ሸዋሉልም ስለ እኔ አትጻፊላት፤ እናንተ ስለ እኔ ስትጻጻፉ እኔ ጥርሴን አጣሁ» አለችኝ። ጮህኩባት። ዘጠኝ ወር የተሸከምኩሽ፣ እስር ቤት ሆኜ ስምሽን ግድግዳ ላይ የጻፍኩ እኔ ነኝ አልኳት። «አውቃለሁ፣ እማዬ። እሑድ እደውላለሁ» ብላ ዘጋችው። ስልኩን ወርውሬ ሰበርኩት፤ እሑድ እንድትደውልልኝ ብዬ ደግሞ ሮጬ ሄጄ አሠራሁት።

ስለ ሴት ነጻነት እኔና አንቺ ያልተናገርነው፣ ያልታሠርንበት የለም። ነጻ የምትወጣው ከእኛም እንደሆነ ግን አንድም ቀን አላሰብነውም። እኔ አሁንም ሳስበው እናደዳለሁ። ትክክል መሆኗን አውቃለሁ፤ ቢሆንም እናደዳለሁ። ይህን ለአጎቴ አልነግራቸው፣ ለመምህራኑ አልነግራቸው። የሚገባው ሰው ካንቺ ሌላ የለኝም፤ ይህም ራሱ ያናድደኛል።

አልታረቅኩሽም። ሽማግሌም እንዳትልኪብኝ።

ስለ እሷ ከእንግዲህ አንድ መስመር እንዳትጽፊልኝ፣ እኔም አልጽፍልሽም። ስለ ራስሽ ጻፊልኝ። እሑድ ብቻሽን የት እንደምትቀመጪ፣ ማን እንደሚያዋራሽ። ቁጣዬ አልበረደም። ጻፊልኝ።

ብርቅአየሁ